ሰላም ሳልል የተናገርኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ትዕግስት ደብተሯን ይዛ የበግ ፀጉር ወደምፈትልበት ጥግ መጣች። ትዕግስት የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ እዚህ ሞላሌ ከእኛ ጋር ሆና አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳልተማርኩ ታውቃለች። ግን ብቻዋን ማጥናት አይሆንላትም፤ ጮክ ብላ ስታነብ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ሥራ የያዘው እጄ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ያን ቀን የምታነበው እንግሊዝኛ ነበር። ጥቂት እንደሄደች «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን» አለችና ቆመች።

«ይሄ ተሳስቷል መሰለኝ። ‹አይ ሃቭ ኔቨር› ነበር መሆን ያለበት» አለች።

«አልተሳሳተም» አልኳት፣ ከእንዝርቱ ቀና ሳልል። «‹ኔቨር› ፊት ሲመጣ ሌሎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ነገሩን ለማጉላት ነው።»

ቀና ብል አፏን ከፍታ ታየኛለች። እኔም እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከዚያ ሳቄ መጣ፤ እንዲያው ዝም ብሎ መጣ፤ እንዝርቱም ከእጄ ወደቀ። «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ ልነግራት ሞከርኩ፤ መሳቅና ማውራት አንድ ላይ አልሆን አለኝ። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን በወጉ ያልነገርኳትን ነው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ከጓሳ ሜዳ በእግር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቤታችን እንደ ጎረቤቶቻችን ቤት ሁሉ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። የጓሳ ሣር ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ በደንብ ከተከደነ ብዙ ክረምት ይችላል። ግን ሰው በፈለገው ቀን ማጭድ ይዞ የሚወጣበት አይደለም። ሜዳው የጋራ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብትም ማጭድም አይገባበትም። ሣሩ ሲደርስ ስብሰባ ተጠርቶ ቀን ይቆረጣል፤ ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቤት ሁሉ በዚያ ቀን ወጥቶ ያጭዳል። ያልተጻፈ አያጭድም። ያመለጠው እንደገና እስኪከፈት ድረስ ሌላ ብዙ ዓመት መጠበቅ ነው።

የእኛ ቤት ክዳን ደግሞ የሚጠብቅ አልነበረም። ጠቁሮ፣ ሽበት አብቅሎ፣ ወፎች እየነጩት ጎጇቸውን ይሠሩበት ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጥል እናቴ ጎድጓዳ ዕቃ ሁሉ ታሰልፋለች፤ ድስቱን ከምድጃው አጠገብ፣ ጣሳውን ከመደቡ ሥር፣ ገንቦውን ከበሩ ጀርባ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ የትኛው እንደሞላ አውቅ ነበር። በልጉን እንዲህ አለፍነው። ክረምቱን ግን እንደማናልፈው ሁለታችንም ገብቶናል። እናቴ ነገሩን ቆርጣዋለች፤ ሣሩ ካልተገኘ እሷ ትውልድ አገሯ ቀየት ወንድሟ ቤት ትጠጋለች፣ እኔ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ሥራ እገባለሁ፣ በጎቹ ይሸጣሉ። ይህን ስትናገር ሌላ ነገር እንደምታወራ ሁሉ ገብስ ትለቅም ነበር። እኔ ግን ቤታችን ውስጥ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣ ልጅ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን የማላውቀው ሰው ቤት በር ላይ ስቆም ራሴን አስቤ እግሬ ይቀዘቅዝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጓሳ ሊከፈት ነው ተባለ። ደስ ብሎን መዝገቡ ሲነበብ ለመስማት ሄድን። የእኛ ስም የለም። እናቴ የጸሐፊው ስሕተት ነው ብላ አመነች። «አንድ መሥመር ዘሎ ነው» አለች። ሁለት እሁድ ተከታትላ አቤት አለች፤ ሁለቱንም እሁድ ሳይሰሟት ቀሩ። ነገሩ ክፋት አልነበረም። እናቴ ነገር ከሥሩ ካልጀመረች አይሆንላትም። ትነሣለች፤ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሰላም ትላለች፤ የከብቱን ደህንነት ትጠይቃለች፤ ከዚያ ከቀየት በበቅሎ ተሞሽራ ስትመጣ ይጀምራል። ሚዜዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ በቅሎዋ የቱ ጋ እንደደነበረች። ሣሩ ጋ ሳትደርስ ሰብሳቢው ጋሽ አስፋው «ወርቄ፣ ወደ ገደለው!» ይሏታል። «እየደረስኩ ነው» ትላለች፤ ግን ገና የእኔ ክርስትና ላይ ናት። ሰዉ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ተረኛው ይነሣል።

በዚያው ሰሞን ከግቢያችን ባለችው ትንሽ ቤት አንዲት አስተማሪ ተከራይታ ነበር፤ ቲቸር አስቴር እንላታለን። የመርሐቤቴ ልጅ ናት። ቆለኛ ስለሆነች የእኛ ብርድ ጠላቷ ነው፤ እናቴ ከበግ ፀጉር የፈተለችውን ባና ደርባ፣ በላዩ ሁለት ጋቢ ጨምራ ትሄድ ነበር። ከቤቷ የማሽላ ቆሎ ይላክላታል፤ እኛ የገብስ ቆሎ እንሰጣታለን፤ እየተለዋወጥን እንቆረጥማለን። በየክረምቱ ኮሌጅ እየሄደች ትምህርቷን ትቀጥል ስለነበር ለፈተና ታጠና ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከቤቱ ጀርባ ነፋስ የማያገኘን ግድግዳ ሥር ተቀምጠን እኔ መጽሐፉን እይዝላታለሁ፣ እሷ በቃሏ ትላለች። ከእሷ ጋር ዓይነ አፋርነቴ ይለቀኝ ነበር፤ ምክንያቱም ዓይኗን ጨፍና ነው የምታጠናው።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ ይሄ ‹ኔቨር› የሚሉት ለምን ፊት መጣ? እኛ ትምህርት ቤት ስንማር መሃል ነበር።»

«እንዲጎላ ነዋ። እንግሊዝኛ ሁሉም በየቦታው የሚቀመጥበት ቋንቋ ነው። አንዱ ተነሥቶ ፊት ሲመጣ ሰሚው ይነቃል።»

«ሌሎቹስ ለምን ተገለባበጡ?»

አሰበች። «እናንተ ቤት የንስሐ አባታችሁ አባ ድንገት ሲገቡ ምን ትሆናላችሁ?»

«እንነሣለን።»

«ከዚያስ?»

«እሳቸው ከመደቡ ራስጌ ይቀመጣሉ። እናቴ የእኔን ቦታ ትይዛለች፤ እኔ ወደ በሩ እወርዳለሁ።»

«በቃ! ‹ኔቨር› ማለት አባ ናቸው። እሳቸው ራስጌ ሲቀመጡ እናንተ ትለዋወጣላችሁ።»

እንዲህ ያለ ትምህርት ትምህርት ቤት አላገኘሁም ነበር። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ባየሁ ቁጥር አባ ጭራቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ቃላቱ ሁሉ ብድግ ሲሉ ይታየኛል። ውሃ ስቀዳ፣ በግ ስመልስ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን»፣ «ሊትል ዲድ አይ ኖው» እላለሁ፤ ‹ከቶ አይቼ አላውቅም›፣ ‹ምን አውቄ› እንደማለት ነው። በጎቹም ለመዱት። ከሁሉ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ከባዱን ነገር ፊት ካመጣኸው ሰው ይሰማሃል። እናቴ ከባዱን ነገር ከሁሉ ኋላ ነው የምታመጣው፤ ሰዉ ግን እስከዚያ አይቆይላትም።

ሦስተኛው እሁድ መዝገቡ የሚዘጋበት ነበር። ጎሕ ሲቀድ አንዷ በጋችን ምጥ ያዛት። ወደ ፀሐይ መውጫ ላይ የግልገሉ እግር ብቻ ወጥቶ ቀረ። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች።

«ትቻት አልሄድም» አለች። «አንቺ ሂጂልኝ። ከቅዳሴው በኋላ እደርሳለሁ። ካልደረስኩ ተነሥተሽ ንገሪልኝ።»

«እኔ? እማዬ፣ እኔ እንዴት አድርጌ?»

«ምን አለው? ከሥሩ መጀመር ነው።»

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ውርጩ ገና አልረገፈም፤ ሣሩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጀሁ። ከበቅሎዋ አልጀምርም። እንደ እንግሊዝኛው ከከባዱ ነው የምጀምረው። ብዙ ሞክሬ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ ከእንግዲህ ወዲህ እናቴ አትለምናችሁም፣ ስሟን ዛሬ ከጻፋችሁላት። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ለእነሱ ቆሜ ጮክ ብዬ አልኩት። አንዱ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ቢያንስ አላጉረመረመም ብዬ ተጽናናሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ባለው መስክ ተቀመጠ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ። ቲቸር አስቴር በባናዋ ተጠቅልላ ከጎኔ ነበረች። ከወንዶቹ መካከል የአባቴን ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴን አየኋቸው። አባቴ በሕይወት እያለ የእሳቸውና የእኛ ቤት አንድ ነበር፤ በሬውንም ማረሻውንም እንዋዋስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ምን እንደነካቸው አናውቅም፣ መንገድ ላይ ሲያዩን ዞር ማለት ጀምረው ነበር። እናቴ «ልጁን ሊድር ሽር ጉድ በዝቶበት ነው» ትል ነበር። ያን ዕለት ደግሞ ደጋግመው ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረው ሲፈልጉ አየኋቸው። እናቴ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም።

ጋሽ አስፋው በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ዛሬ መዝገቡ ይዘጋል። የቀረ አቤቱታ ካለ ይሰማ።»

ጸሐፊው «ወይዘሮ ወርቅነሽ!» ብሎ ተጣራ።

«ወርቄ ከሆነች እኔ ትንሽ ጋደም ልበል» አለ አንዱ፣ ጋቢውን እያመቻቸ። ሳቁ።

መንገዱን አየሁ። እናቴ የለችም።

«የለችም? እንግዲያው ይለፍ» አሉ ጋሽ አስፋው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ።

ያን እስክሪብቶ ሳይ ደብረ ብርሃን የማላውቀው ሰው ቤት በር መጣብኝ። እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። በተቀመጡት ሴቶች መካከል እየረገጥኩ፣ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ እየተጎተተ፣ ወደ ፊት ሮጥኩ። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ይኼኔ እንባዬ መጣ፤ ከኀዘን አይደለም፣ ሰው ሲያየኝ እንዲሁ ይመጣል። ካዘጋጀሁት ግማሹን ብቻ አገኘሁት።

«ከእንግዲህ ወዲህ እናቴ አትለምናችሁም!» ብዬ ጮህኩ። ቀሪው ከአፌ አልወጣም።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። በእኛ አገር ሰው ፊት ቆሞ የሚናገር ሁሉ በሰላምታ ይጀምራል። ሊከስ ይሁን ሊለምን፣ ቢቸኩልም ቢናደድም፣ እንደምን አደራችሁ ሳይል ነገር አያነሣም። ሰላም ሳይል የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መርዶ ይዞ የመጣ። ሞት ይዞ የመጣ እንዴት አደራችሁ አይልም። እኔ ደግሞ ሮጬ፣ ነጠላዬን ጥዬ፣ እያለቀስኩ መጥቼ፣ ከሰላምታ በፊት የእናቴን ነገር አነሣሁ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት «ኧረ ወየው!» አለች። ከዚያ ሁሉም ብድግ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገለበጡ፤ ጥለቱን ወደ ላይ አደረጉት። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጋደም ያለውም ሰውዬ ቀድሞ ተነሥቷል። «ስሟን ከጻፋችሁላት!» አልኩ በመጨረሻ፤ ማን ይስማኝ። «አይ፣ አይደለም፣ ቆዩ!» አልኩ። «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ብለው ግራና ቀኝ ያዙኝ። ቲቸር አስቴር ከኋላ እጇን ታወዛውዛለች፤ የምትለው አይሰማም።

ይኼኔ ነው ጋሼ ደምሴ ከመካከል የወጡት። ደረታቸውን ይመታሉ።

«ወይኔ ወርቄ! ወይኔ የወንድሜ ቤት!» አሉ። በእኛ ዘንድ ለሟች የሚያለቅስ ሰው በቁም ያስቀየመውን ያወጣል፤ ካልተናገረው ሟች ይዞት ይሄዳል ይባላል። እሳቸውም አወጡት። «ምነው ሳልክስሽ! ሣርሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ! ወንድሜ ሲሞት የሁለታችንም ቤት አንድ ነው ብዬ ድርሻሽን በእኔ ስም ያስጻፍኩ እኔ ነኝ! ለልጄ ጎጆ ክዳን ብዬ ነው! ዛሬ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ በገደል ስዞር፣ ምነው ቀደምሽኝ!»

ሰዉ እያለቀሰ ነበር፤ ግን ለቅሶው እየሳሳ ሄደ። ጸሐፊው ወደ መዝገቡ ዞሮ ገጽ ይገልጥ ጀመር። ለካስ የተዘለለ መሥመር አልነበረም።

በዚህ መካከል ነው እናቴ የደረሰችው። ከአፋፉ ላይ እየሮጠች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ የበጓ ደም ነክቶት፣ ፊቷ በደስታ በርቶ። ገና ከሩቅ «መንታ! መንታ ወለደች!» እያለች ነበር። ከዚያ ወገብ ላይ የታሰረውን ጋቢ፣ የተገለበጠውን ነጠላ አየች። ቆመች። ነጠላዋን ወዲያው ገልብጣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ኧረ ምን ዓይነት ቀን ነው! ማነው? ማነው የሞተው?» እያለች መጣች።

አጠገቧ የቆሙት አሮጊት አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «አንቺ ነሻ!» አሏት።

«እኔ? መቼ?»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። እንደ በልግ ዝናብ ነው የጣለው፤ ከአንድ ጥግ ጀምሮ መስኩን ሁሉ ሸፈነው። ሴቶቹ እየሳቁ የገለበጡትን ነጠላ መልሰው ይገለብጣሉ፤ አንዷ ሦስት ጊዜ ገልብጣ ግራ ገባት። ጋደም ብሎ የነበረው ሰውዬ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጋሼ ደምሴ ብቻ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደቀረ እናቴን ያያሉ። ፊታቸው ላይ እንባ አለ፤ ሳቅም አለ፤ እፍረትም አለ።

እናቴ ሁሉንም በየተራ ሰማች። የሣሩ ነገር ጋ ሲደርሱ እጇን ከራሷ ላይ አወረደች። ከዚያ ወደ ጋሼ ደምሴ ሄደች።

«እንዲህ አድርገህ ታለቅስልኛለህ?» አለቻቸው።

«ወርቄ፣ ግደይኝ።»

«እንዴት እገድልሃለሁ፣ እኔ ሞቼ?»

እንደገና ተሳቀ። ጋሽ አስፋው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ተቀመጡና ሁሉም እንዲቀመጥ በዱላቸው አመለከቱ።

«ደምሴ፣ ለሞተችው የተናገርከው ለቆመችውም ይጸናል አይደል?»

«ይጸናል ጋሽ አስፋው።»

«እንግዲያው ድርሻዋ በስሟ ይጻፍ። ጻፍ።» ጸሐፊው ሲጽፍ ሰማሁት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እዚያው የቆምኩበት ነኝ፤ የት እንደምገባ ጠፍቶኛል። «አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?»

«እማዋይሽ።»

«እማዋይሽ፣ ምንም ብትዪ ያው ነበር። ሰላም ሳትዪን ስትቀሪ ነው ጉልበታችን የከዳን። በይ አሁን በወጉ ሰላም በዪን።»

መሬቱን እያየሁ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

መስኩ በአንድ ድምፅ መለሰ። «እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ እንዴት አደርሽ! እናትሽስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩ። በሰው ፊት ጥርሴን አሳይቼ የሳቅኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ከዚያ ጋሽ አስፋው ያደረጉትን ነው ዛሬም የምወድላቸው። ጉዳዩ አልቋል፤ ሰዉም መነሣት ይችላል። እሳቸው ግን «ወርቄ፣ ሁለት እሁድ አቋረጥንሽ። ዛሬ ከሥሩ ጀምሪ፤ እንሰማለን» አሏት። እናቴም ሁሉንም ሰላም አለች፤ ከብቱን ጠየቀች፤ ከበቅሎዋ ጀመረች። ማንም አላቋረጣትም። ጋሼ ደምሴ ለካ ከሚዜዎቹ አንዱ ነበሩ፤ የረሳችውን እያስታወሱ ያግዟት ጀመር። «የለም፣ የደነበረችው ወንዙ ጋ ነው» ይሏታል። እሷም «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ፈርተህ ዛፍ ሥር ነበርክ» ትላቸዋለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስሙ እንዲያ በሳቅ መካከል ሲነሣ ብዙ ሰው አልሰማም ነበር፤ እኔም አልሰማሁም።

ስንመለስ ንግግሬን ከእንግሊዝኛው እንደወሰድኩት ስነግራት ቲቸር አስቴር ጎኗን ይዛ ነው የምትሄደው።

«እኔን ያስጠናሽኝ ለፈተና ነው እንጂ ለስብሰባ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ደግሞ አባ ሲገቡ ቦታ ይለዋወጣሉ አልኩሽ እንጂ አገር ሙሉ ተነሥቶ ያልቅሳል አልኩሽ?»

«ሊትል ዲድ አይ ኖው» አልኳት። መንገድ ላይ ተቀመጠች፤ አስነሥተን ነው የወሰድናት።

ሣሩ የሚታጨድበት ቀን በግንቦት መጨረሻ ዋለ። ጎሕ ሳይቀድ አገሩ ሁሉ ወጣ፤ ፈረሱ፣ አህያው፣ ማጭዱ። ምልክቱ እስኪሰጥ ሁሉም ከሜዳው ዳር ይቆማል። ነፋሱ ሣሩን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ሲያስተኛው ወርቅማ ይሆናል። ጋሼ ደምሴ ሊሞሸር ያለውን ልጃቸውን ይዘው በእኛ ድርሻ ላይ ተሰለፉ። እናቴ «የራስህን እጨድ» ብትላቸው «የራሴን ያንቺ ካለቀ በኋላ» አሉ። ሰዉ እያለፈ ይተነኩሳቸዋል፤ «ጋሽ ደምሴ፣ የእኔንም ሚስት አልቅሱላት እንጂ፣ ከአማቷ ጋር ትታረቅ ይሆናል!» እኔንም አልማሩኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ስሜ መርዶ ነጋሪዋ ነበር። ገበያ ስሄድ ሴቶች ከሩቅ «ሰላም በዪን ቶሎ፣ አታስደንግጪን!» ይሉኛል። መጀመሪያ እሸማቀቅ ነበር። በኋላ እኔ ራሴ ከሩቅ እጄን አንሥቼ ሰላም ማለት ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቤታችን ተከደነ። አሮጌውን ሲያወርዱት ውስጡ የነበረው ጥላሸት ሁላችንንም አጠቆረን። እናቴ በጠላና በበሶ አስተናገደች። ጋሼ ደምሴ ከላይ ሆነው ይከድናሉ፣ እኔ ነዶውን ከታች አቀብላለሁ። አንድ ጊዜ ማንም በሌለበት ጎንበስ ብለው «ባትጮኺ ኖሮ ይዤው እሞት ነበር» አሉኝ። ሌላ ነዶ አቀበልኳቸው።

ክረምቱ በሰኔ አጋማሽ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው እሁድ ቀትር ላይ ነው፤ ጋሼ ደምሴም ቤታችን ነበሩ። እናቴ ከልማዷ ድስቱን ይዛ ተነሣች፤ ከዚያ መሃል ቤት ቆመች፤ ወደ ላይ አየች። የሚንጠባጠብ የለም። ድስቱን እንደያዘች ተቀመጠች። ከአዲሱ ሣር የሚወጣው ሽታ፣ እንደ ማርም እንደ አፈርም ያለው፣ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

አሁን የምኖርበት ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ባለቤቴ ደክሞ የሠራው ነው፤ አንድ ጠብታ አያሳልፍም፤ አልማረርበትም። ዓይነ አፋርነቴም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ የማኅበር ስብሰባ ላይ አሁንም ኋላ ነው የምቀመጠው። ግን በእናቴና በጋሼ ደምሴ መካከል የነበረውን ነገር እኔ ተናግሬ እንዳልፈታሁት አውቃለሁ። ጋሼ ደምሴ ተጸጽተው ነበር፤ ጸጸታቸው መውጫ ነበር ያጣው። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለኛል። ይቅርታው አለ፤ በየቀኑ ይዞት ይዞራል፤ የሚያወጣበት ቀን ግን ለቅሶ ቀን ይሆንና ሰሚዋ የለችም። ጋሼ ደምሴ በዚያ ዕለት ዕድለኛ ነበሩ፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ያለቀሱላት ሰው መንታ በግ ተወለደ እያለች መጣችላቸው።

ቆርቆሮ አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ዝናብ ሲመታው ቤት ውስጥ ሰው ለሰው አይሰማማም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በኃይል ሲጥል እኔና ትዕግስት ትይዩ ተቀምጠን ዝም ብለን ተያየን። በሣር ክዳን ሥር ግን ዝናብ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት በዚያ እሁድ እናቴና ጋሼ ደምሴ ማውራት ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ክረምቱ ከላያቸው እየዘነበ፣ እስኪያባራ ድረስ አወሩ።